የዘገየ እልልታ

የሰው ልጅ ከእርሱ ርቆ የሚደረገውን ነገር በተደረገበት ሰዓት ለማወቅ ያለው ጉጉት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ሲጐሰም፥ ዐዋጅ በገበያ ሲነገር፥ ፈረሰኛ መልእክተኛ ሌሊቱን ሲጋልብ ያድር የነበረው ስለዚሁ ጉጉት ነው። ወሬው ከባለጉዳዩ ጆሮ ሲደርስ ግን ነገሩ ከተፈጸመ ቀኖች፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንቶች ዐልፈው ይገኙ ነበር። በእኛ ዘመን ርቀት ተሸነፈ ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ፈጽሞ እንዳልተሸነፈ፥ ከተሸነፈም በኋላ ሠላሳ ሰከንድ የምታህል ቅሪት ይዞ በየቤታችን እንደ ተሸሸገ ያወቅነው የሯጮቻችንን ውድድር በኢንተርኔት መከታተል ከጀመርን ወዲህ ነው።

ይህን ጉዳይ በመጽሔት ገጽ ላይ ማንሣታችን ምናልባት አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል። «ስለ ልማትና ስለ ዕውቀት መጻፍ ሲቻል ስለ ምስል መቆራረጥ ምን ያስጽፋል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በመሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት የሚነሣውን ወሬ ስናዳምጥ፥ ከውድድር ማግሥት ስለ አሸናፊው ከሚያወራው ሰው ይልቅ «ልክ ሊገቡ ሲሉ ተቋረጠብን» እያለ የሚያማርረው በዝቶ ስላገኘነው፥ ያየነውንና የሞከርነውን ብንጽፍ የሚጠቀምበት አይታጣም ብለን አሰብን።

አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጸመው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት ላይ ነበር። ማግሥቱ የ1953 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ ያን ሩጫ በአዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጦ በዓይኑ የተከተለ ሰው አልነበረም። አባታችን ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የሚያስታውሱትም ሩጫውን ሳይሆን የታላላቆቻቸውን ጩኸት ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ግን ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ10 ሺህና የ5 ሺህ ሜትር ሩጫዎችን ያሸነፈበትን ክረምት ነው። ጐልማሳ ነበሩና ወሬውን ከሬድዮ የሰሙበትን ወንበር ሳይቀር ያመለክታሉ። ወንበሩ ዛሬም በቤታችን አለ፤ አንድ እግሩ ግን ተለውጧል።

እኛም በበኩላችን የልጅነት ትዝታ አለን። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ሲገባ፥ የሰፈራችን ልጆች በአንድ ጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተደራርበን ተቀምጠን ነበር። በሰፈሩ ያለው ቴሌቪዥን ሁሉ ያሳይ የነበረው አንድ ጣቢያ ስለ ሆነ እልልታው ከየቤቱ በአንድ ቅጽበት ወጣ። እልልታው ከማን ቤት እንደ ጀመረ ለማወቅ አይቻልም ነበር።

ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ዛሬ በሰፈራችን እልልታ የሚወጣው በየተራ ነው። በመጀመሪያ የዲሽ ባለቤቶች ይጮኻሉ፤ ቀጥለው ኢንተርኔት ያስገቡት፤ ከሁሉ በኋላ በስልካቸው በየደጁ ቆመው የሚያዩ ወጣቶች። አንድ አሸናፊ ሦስት ጊዜ ሲገባ የሚሰማበት ሰፈር ሆኗል።

የቤታችንን ሁኔታ ጥቂት ብንገልጽ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በየወሩ የሚከፈልበት የዲሽ ጣቢያ ለማስገባት የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አይመችም። ለልጆች ትምህርት ተብሎ የገባ ኢንተርኔት ግን አለን። ስለዚህ ትልቅ ውድድር ሲመጣ መብቱን ለገዛው ድርጅት የዚያን ወር ብቻ ከፍለን በዚሁ በኢንተርኔቱ እናያለን። የአባታችን ዓይን ደግሞ የዓይን ግፊት በሚባለው ሕመም ምክንያት ከአምስት ዓመት ወዲህ እየደከመ ሄዶ፥ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የቴሌቪዥን ምስል አያዩም። ምስሉ ሲቆም እኛ ቢያንስ የቆመውን ምስል እናያለን፤ እርሳቸው ግን ድምፁ ሲጠፋ ሩጫው በሙሉ ይጠፋባቸዋል። የቤታችን መላ ፍለጋ የጀመረውም ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ እኛስ መቆራረጡን ለምደነው ነበር።

በመጀመሪያ የመረመርነው ያች የምትሽከረከር ቀለበት ከወዴት እንደምትመጣ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል እንደ ወንዝ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ይመስላል እንጂ እንደዚያ አይደለም። ላኪው ምስሉን ብዙውን ጊዜ ስድስት ስድስት ሰከንድ ያህል በሚሆን ቁራጭ ይከፋፍለዋል፤ ተቀባዩም ሦስት ያህል ቁራጭ በእጁ ሳያከማች ማሳየት አይጀምርም። ለክፉ ቀን ብሎ እህሉን በጎተራ እንደሚያኖር ገበሬ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ከጎተራው እያወጣ ያሳያል፤ ጎተራው ባዶ ሲሆን ቀለበቷ ትመጣለች። እንግዲህ ምስሉ ከእውነተኛው ሩጫ ወደ ኋላ መቅረቱ የስንፍና ነገር አይደለም፤ ስንቅ ለመያዝ የተከፈለ ዋጋ ነው። ላኪው ምስሉን ሲያዘጋጅ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት መዘግየቱ ሃያ፥ ሠላሳ፥ አንዳንድ ጊዜም አርባ ሰከንድ ይደርሳል። ከዚህ የባሰው ነገር ምስሉ ቆሞ ሲመለስ ከቆመበት ቦታ መቀጠሉ ነው፤ ሦስት ጊዜ የቆመ እንደ ሆነ የሦስቱም ጊዜ መዘግየት ተደምሮ ይጠብቀናል። ለዚህ መላው ቀላል ነው፤ ዘግቶ እንደ ገና መክፈት። እንደ ገና ሲከፈት ወደ ፊት ዘልሎ ከሩጫው አጠገብ ይቆማል። ነገር ግን ያመለጠው ዙር አይመለስም።

ሁለተኛው ምርመራችን የቤቱ ውስጥ ነበር። የኢንተርኔቱን ሞገድ የሚረጨው ዕቃ፥ ማለት ራውተሩ፥ እናታችን በገዛ እጃቸው በሠሩት ዳንቴል ተሸፍኖ በቡፌው ውስጥ ከስኒዎቹና ከብረት ትሪው ጀርባ ይኖር ነበር። የቡፌው ጀርባ መስተዋት ነው። ሞገድ ከብረትና ከመስተዋት ጀርባ ቅብ ጋር አይስማማም፤ እዚያ ያለው ራውተር በጓዳ ተቀምጦ ከሳሎን ጋር ሊነጋገር እንደሚሞክር ሰው ነው። እናታችን ዕቃው ከቡፌ እንዳይወጣ አጥብቀው ተከራከሩ፤ አቧራ ይጠጣል፥ ልጆችም ይነካኩታል ነበር ነገራቸው። ከብዙ ንግግር በኋላ ዳንቴሉ አብሮት እንዲወጣ፥ ነገር ግን ከላዩ ሳይሆን ከሥሩ እንዲነጠፍ ተስማምተን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ቀጥለን ከመርካቶ 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዝተን ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ በምንጣፉ ሥር ዘረጋን። ለሌላው ሰው የምንመክረው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ኬብል ነው። በአየር የሚመጣው ሞገድ ከጎረቤት ሞገድ ጋር ይጋፋል፤ በኬብል የሚመጣው ግን የሚጋፋው የለም።

ከዚያም የምስሉን ጥራት ራሳችን ቀነስን። ጥሩ የሚባለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ቢፈልግ፥ በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ማራቶን እስኪፈጸም ወደ 5 ጊጋ ባይት ይጠጋል ማለት ነው። በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት የሚበቃውን ዝቅተኛውን ምስል ብንመርጥ ግን ለአንድ ሰዓት 0.7 ጊጋ ባይት እንኳ አይሞላም። የሯጩ መለያ ቀለም እስከ ታወቀ ድረስ የላቡ ጠብታ ባይታይ ምን ይጐድላል? በዚህ ነገር ወጣቶቹ ከእኛ ጋር አይስማሙም።

እዚህ ላይ አንድ የይሉኝታ ጉዳይ አለ። በውድድር ቀን እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ከመጣም ቡና ይፈላል። ችግሩ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መጠየቁ ነው። ውሃ የጠየቀን ሰው አይከለከልም፤ ይህም እንደዚያ ሆኗል። ነገር ግን ሰባት እንግዶች በሰባት ስልክ ልዩ ልዩ ቪዲዮ ሲከፍቱ ለማየት የመጡበት ሩጫ ይቆማል፤ ሲቆምም «ኢንተርኔታችሁ ደካማ ነው» ይሉናል። ብዙ ካሰብንበት በኋላ ያገኘነው ዘዴ ሰፌድ ነው። የተኵሱ ሰዓት ሲቃረብ የእኅታችን ልጅ በሰፌድ ስልኮችን እየሰበሰበች ቡፌው ላይ ታኖራለች። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ መንገዱ ይከፈታል፥ ከውጭ አገር ካሉ ዘመዶች «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል መልእክት ቀድሞ መጥቶም ሩጫውን አያበላሽብንም። ሰፌዱን ልጅ ስለ ያዘችው የሚቀየም እንግዳ እስካሁን አላየንም።

በገንዘብም በኬብልም የማይፈታ ሌላ ዓይነት መዘጋት አለ። አንዳንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ «ይህ ሥርጭት እርስዎ ባሉበት አገር አይታይም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የማሳየት መብት የሚሸጠው አገር በአገር ተከፋፍሎ ነው፤ ድርጅቱም ከኢንተርኔት አድራሻችን የት እንዳለን ያውቃል። እኛ ይህን ድህነታችን ያመጣው ይመስለን ነበር። በሰሜን አሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር የአጎታችን ልጅ ግን በ2014 ዓ.ም. በስልክ ሲያጫውተን፥ ከልጆቹ ጋር ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ለማየት በዓመት ከፍሎ፥ እጅግ ፈጣን ኢንተርኔት በቤቱ እያለ፥ የሩቆቹን ቡድኖች ሁሉ ሲያይ ለቤቱ የሚቀርቡት ሁለቱ ቡድኖች ብቻ እንደሚዘጉበት ነገረን።

መጀመሪያ አላመንነውም። ነገሩ ግን በዚያ አገር የታወቀ ነው። የቤዝቦል ትልቁ ሊግ ጨዋታን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሳየት የጀመረው ነሐሴ 20 ቀን 1994 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ያንኪስና የቴክሳስ ሬንጀርስ በተጋጠሙበት ቀን ነው። በየአካባቢው ያሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአካባቢያቸውን ቡድን የማሳየት መብት ለብቻቸው ስለ ገዙ፥ ኢንተርኔቱ ለሩቁ ሰው ሲከፈት ለቅርቡ ሰው ተዘጋ። የራሱ ትልቅ ቡድን የሌለው አዮዋ የሚባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ ለብዙ ዓመታት የስድስት ቡድኖች «አካባቢ» ተብሎ ስለ ተቈጠረ ስድስቱም ተዘግተውበት ኖሯል። ሠርጉ በደጁ ሲያልፍ መስኮቱን የተዘጋበት ሰው ማለት ይህ ነው። የአጎታችን ልጅ ያገኘው መላ ሬድዮ ነበር፤ የጨዋታው የድምፅ ሥርጭት አይዘጋም ነበርና ታክሲውን እየነዳ ያዳምጥ ነበር። አባታችን ይህን ሲሰሙ «በመጨረሻ ወደኔ መጣ» አሉ።

እርሳቸውን በሚመለከት እኛም ሬድዮን ሞክረን ነበር። በኢንተርኔት የሚመጣው ሥርጭት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የምስሉን ድምፅ አጥፍተን የአማርኛውን ሬድዮ ከፈትንላቸው። ሬድዮው ከምስሉ በግማሽ ደቂቃ ቀደመ። አባታችን በደስታ ሲነሡ እኛ ገና ሯጮቹ ተራ ይዘው ሲዞሩ እናያለን። ከዚያ በኋላ ሬድዮው ተወ፤ ምስሉን ለአባታችን በአማርኛ የመተረኩን ሥራ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ የእኅታችን ልጅ ተረከበችው። ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማን እንደ መራ፥ ማን እንደ ተከተለ፥ ማን ፊቱን እንዳጨፈገገ ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ምስሉ ሲቆም ታፍርና ከራሷ እየፈጠረች ትቀጥል ነበር። አባታችን ግን ይነቁባታል። «የኔ እናት፥ ይህ ዙር ገና አላለቀም» ይሏታል።

እንዴት እንደሚያውቁ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል። አባታችን ሩጫ ሲያዳምጡ መቍጠሪያቸውን ይይዛሉ። መቍጠሪያው ባለ 64 ፍሬ፥ በእመቤታችን ዕድሜ ልክ የሆነው ነው። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ባለ ቍጥር አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። እናታችን በዚህ ነገር ደስ አይላቸውም፤ እርሳቸው ግን «ጸሎቴን አድርሻለሁ» ይላሉ። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ 25 ዙር ነው። በፓሪስ ያሸነፈው ሰው የገባበትን 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ለ25 ብናካፍለው ለአንድ ዙር 64 ሰከንድ ይደርሳል። አንድ ጊዜ መቍጠሪያው ሲዞር አንድ ዙር ተሮጠ ማለት ነው። እኛ ይህን በወረቀት ያሰላነው ኋላ ነው፤ እርሳቸው በጣታቸው ያውቁት ነበር።

የፓሪሱ ሩጫ የተደረገው ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር። ዮሚፍ ቀጀልቻ፥ በሪሁ አረጋዊና ሰሎሞን ባረጋ አገራችንን ወክለው ተሰልፈዋል። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጎረቤታችን ዲሽ ስላላቸው እንድንመጣ ጠርተውን ነበር፤ ነገር ግን አባታችን በጨለማና በጭቃ ደጅ ለደጅ እንዲሄዱ ጕልበታቸው አልፈቀደም፥ እርሳቸውን ትቶ መሄድም አልሆነም። ኬብሉ ተዘርግቷል፥ ሰፌዱ ሞልቷል፥ ጥራቱ ዝቅ ብሏል። ሃያ ሁለት ዙር ያህል ያለ አንዳች እንከን አየን። ልጆቻችን እየተቀባበሉ ሩጫውን አፈጠኑት፤ ተራኪዋም ድምፅዋ እስኪሻክር ነገረች። ሦስት ዙር ሲቀር ቀለበቷ መጣች።

በቤቱ ውስጥ ማንም አልተናገረም። አንዱ ወደ ራውተሩ ሮጠ፤ ራውተሩ ደኅና ነበር፤ የተበላሸው ከቤታችን ውጭ ያለው መንገድ ነው። ዘግቶ መክፈቱንም ሞከርነው፤ ከቀለበቷ በቀር የመጣ አልነበረም። አባታችን ብቻ መቍጠሪያቸውን ያዙ። «ቀጥይ እንጂ» ሲሏት ልጅቱ «አባባ፥ ቆሟል» አለቻቸው። «እነርሱስ አልቆሙም» አሉና ፍሬውን ማሳለፍ ጀመሩ። መቍጠሪያው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲዞር «ደወሉ ተደውሏል» አሉ። ሦስተኛውን እኩል ሊያደርሱ ሲሉ ከጎረቤት ቤት ጩኸት ተነሣ።

ያ ጩኸት ዛሬም በጆሯችን አለ። ከፍ፥ ከፍ፥ ከፍ እያለ መጣና ከጫፍ ሳይደርስ ተቈረጠ። እልልታ አልተከተለውም። ጥቂት ቆይቶ ጭብጨባ ተሰማ። አባታችን መቍጠሪያውን በጭናቸው ላይ አኑረው «ሁለተኛ ነው» አሉ። ማን እንደ ሆነ እንኳ አላወቁም፤ ከኛ ሰዎች አንዱ ሁለተኛ መሆኑን ግን ከጩኸቱ ቅርጽ ዐወቁ።

ምስሉ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደ ልማዱም ከቆመበት ቀጠለ፥ ሦስት ዙር ይቀራል እያለ። አንዳንዶቻችን ለመነሣት ቃጣን። ልጅቱም «አባባ፥ ካወቁት ልንገርዎ ወይስ ይቅር?» አለቻቸው። «ሁለተኛ መሆኑን ሰማሁ እንጂ እንዴት ሁለተኛ እንደ ሆነ መቼ ሰማሁ? ንገሪኝ» አሏት። እርስዋም ነገረቻቸው፤ ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወደ ፊት መውጣቱን፥ ሌሎቹ መከተላቸውን፥ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ በሪሁ ከኋላ ተነሥቶ አሜሪካዊውን ግራንት ፊሸርን በመስመሩ ላይ ማለፉን። አባታችን አካላቸውን ወደ ፊት አዘንብለው፥ ነገሩ ገና ያልተቈረጠ ይመስል፥ «በርታ፥ በርታ» ይሉ ነበር።

ቼፕቴጌ የገባው በ26 ደቂቃ ከ43 ነጥብ 14 ሰከንድ፥ በሪሁ በ43 ነጥብ 44፥ ፊሸር በ43 ነጥብ 46 ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ያኖረውን የ27 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ከ17 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በዚያ ምሽት ዐሥራ ሦስት ሯጮች አሻሻሉት። ወርቁንና ብሩን የለየው የሰከንድ ሦስት ዐሥረኛ ነው። የዲሹ ሞገድ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ እንደ ገና ያንኑ ያህል ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ከዚህ ያነሰ፥ ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ነው። የእኛ ምስል ደግሞ መንገድ ላይ ባይቆም እንኳ የዚህን ልዩነት መቶ እጥፍ ይዘገያል።

በማግሥቱ ጎረቤታችን መጥተው ጩኸታቸው እንደ ተሰማን ሲያውቁ እጅግ አዘኑ። «ለማራቶኑ አፋችንን ይዘን እናያለን» ብለው ቃል ሊገቡልን ጀመሩ። አባታችን ግን አልተቀበሉም። ሰው ሯጩ ሲገባ አፉን ከያዘ ምን ቀረው፥ ይልቅ ማን እንደ ሆነም ጨምራችሁ ጩኹ አሏቸው። እንደ ተባለውም ነሐሴ 4 ቀን ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲፈጽም ከአጥሩ ማዶ ስሙ በአራት ድምፅ ተጠራ። ታምራት ሁለተኛ የወጣውን ባሺር አብዲን የቀደመው በ21 ሰከንድ ነው፤ እኛ ታምራት ሲገባ ባየንበት ቅጽበት በፓሪስ ሁለተኛውም ገብቶ ቆይቷል። በማግሥቱ የሴቶቹ ጊዜ ግን ጎረቤቶቻችን ሁለት ስም ነው የጠሩት፤ ትግስት አሰፋና በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን እየተጋፉ መጥተው ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። አጥሩ ማዶ ስለ ማን እንደሚጮኹ ግራ ገብቷቸው ነበርና አባታችን ያን ጊዜ ከጩኸቱ ምንም ሊለዩ አልቻሉም። በጣም ሣቁ።

ያልተፈታው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ገዝተንለታል፥ እርሱ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ምስሉን የምናየው ያን ጊዜ በእኅታችን ላፕቶፕ ሲሆን፥ የላፕቶፑ ባትሪ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። የወንዶቹ ማራቶን በፓሪስ ከሁለት ሰዓት በላይ ስድስት ደቂቃ፥ የሴቶቹ ደግሞ ሃያ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አምስት ሰከንድ ጨምሯል። የሚጐድለን በትክክል መጨረሻው ነው። አዲስ ባትሪ ለመግዛት ጠይቀን ዋጋው ለጊዜው የሚቻል ሆኖ አላገኘነውም። ስለዚህ ከጅማሬው ላይ ቀነስን። መብራት በሌለበት ቀን የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ ይቆያል፤ ተኵሱ ሲተኰስ አባታችን ሰዓቱን ይጠይቁና መቍጠሪያቸውን ይዘው ስለ ሞስኮው ሩጫ ለልጅቱ ይተርኩላታል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ፥ ሯጮቹ 10ኛውን ኪሎ ሜትር ሲቃረቡ፥ ክዳኑ ይከፈትና ትረካውን እርስዋ ትቀበላለች።